እንግዴ ልጁ ሲያኮርፍ

በአገራችን የወለደች ሴት ስትጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የሚባለው። «እንኳን ደስ አለሽ» ቆይቶ ይመጣል፤ መጀመሪያ ምህረቱ! እስቲ አስቡት… ለተመረቀ ሰው «እንኳን ማረህ» አይባልም። ለሙሽራም አይባልም (ለአንዳንዱ ሠርግ ቢባል እንኳ ባልከፋ)። ለወለደች ሴት ግን የተመረጠው ቃል ከፍርድ ላመለጠ ሰው የሚባለው ነው። አያቶቻችን ስታትስቲክስ አልተማሩም፤ የሚያውቁትን ግን ያውቁ ነበር።

እኛ እንግዲህ ሰሞኑን የምናነበው ሁሉ ደምና እርግዝና ሆኗል። («እኛ» የምንለው በርከት ብለን አይደለም፤ ጋዜጠኝነት ስንማር «እኔ» ማለት ነውር ነው ተብለን ስላደግን ነው። ዲግሪው ያተረፈልን እሱን ብቻ ነው የሚሉ ወዳጆችም አሉን።) ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ እህታችን ነፍሰ ጡር ናት። ሁለተኛዋ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ነበር። ሰባተኛ ወሯ ላይ ፊቷ ሞላ አለ፣ እግሯም ጫማ አልገባ አለው። ሰፈሩ በሙሉ «እንዴት አምሮባታል!» አለ። በአገራችን መሙላት የምቾት ምልክት ነዋ! አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም «ወንድ ነው፣ ወንድ ሲሆን ፊት ያሳምራል» ብለው ጾታውን ሁሉ ወስነው ጨርሰዋል። ከዚያ ራሷን ያማት ጀመር። ክትትል የምታደርግበት ቦታ ሄደች (ስሙ ይቅር)። የደም ግፊት መለኪያው «ዛሬ አይሠራም» ተባለ፤ ውሃ ጠጪ፣ እረፍት አድርጊ፣ በሳምንቱ ተመለሺ።

ሳምንቱ አልሞላም። በአራተኛው ሌሊት «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች፤ ከቀኝ ጎድኗ በታች ደግሞ ሆዷን ይዛለች። ሆስፒታል ስትደርስ ግፊቷ 180 በ120 ነበር። ልጁ በ33 ሳምንቱ፣ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ሆኖ ተወለደ። ሴት ናት (ጎረቤታችን ይቅር ይበሉን)። ማሞቂያ ውስጥ 19 ቀን ከረመች። ዛሬ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚህ ዕድሜዋ የሁላችንንም ስልክ ስክሪን ሰብራ ጨርሳለች።

የበሽታው ስም ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ስሙ ራሱ ምላስ ያስራል። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት ሲሆን ኩላሊቱን፣ ጉበቱን፣ አንጎሉን እየነካካ ይሄዳል። ሴትየዋ መንቀጥቀጥ ከጀመረች ደግሞ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። ስንት ቤት ይህን «ልክፍት ነው» ብሎ ዝም ብሎ ይሆን? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 እርግዝና ከ3 እስከ 8 በሚሆነው ላይ ይከሰታል። በየዓመቱ ወደ 46,000 እናቶችን ይገድላል፤ የሚሞቱት ጽንሶችና ጨቅላዎች ደግሞ ወደ 500,000 ይደርሳሉ። ግማሽ ሚሊዮን!

አሁን ወደ ጉዳያችን። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከእንግዴ ልጁ ነው። (እንዴት ያለ ስም ነው በናታችሁ! ልጅ ነው እንዳይባል ልጅ አይደለም፤ ዘጠኝ ወር ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ልጁ ሲወጣ እሱም ጓዙን ይዞ ይወጣል።) የእንግዴ ልጁ ሥር ከእናትየዋ ማኅፀን ጋር በደንብ ሳይጋጠም ሲቀር ደም ያጥረዋል። ያኔ ያኮርፋል። አኩርፎም ዝም አይልም፤ ኤስ-ኤፍ-ኤል-ቲ-ዋን የሚባል ፕሮቲን ወደ እናትየዋ ደም በብዛት ይለቃል። ይሄ ፕሮቲን ፒ-ኤል-ጂ-ኤፍ የሚባለውን፣ የደም ሥሮችን ጤና የሚጠብቀውን ሌላ ፕሮቲን እያነቀ ያስቀረዋል። የደም ሥሮቹ ጠባቂ ሲያጡ ይታመማሉ፤ ግፊቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ቦስተን ውስጥ ዶክተር አናንት ካሩማንቺ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ይህንን ፕሮቲን እርጉዝ አይጦች ውስጥ ሲጨምሩት አይጦቹ ግፊታቸው ወጣ፣ ሽንታቸው ውስጥም ፕሮቲን ታየ። ምስኪን አይጦች! የእህታችንን በሽታ እነሱም ታመሙላት።

እንግዲህ ነገሩ ገባችሁ። ግፊቱ ወጥቶ፣ ዓይን ብልጭ ብልጭ ብሎ፣ ታክሲ በሌሊት ተፈልጎ… ከዚያ ሁሉ በፊት ደሙ ነገሩን ያውቃል። ስለዚህ ደሙን መጠየቅ ነው።

ጠየቁትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የሁለቱን ፕሮቲኖች ንጽጽር ወሰደ። ውጤቱ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሴትየዋ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ በበሽታው እንደማትያዝ 99.3 በመቶ እርግጠኛ መሆን ይቻላል አለ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በአራት ሳምንት ውስጥ የሚታመሙት ከመቶ 37 ገደማ ናቸው። ልብ በሉ፤ ምርመራው «ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ተኚ» በማለት ጎበዝ ነው፤ «ልትታመሚ ነው» በማለት ግን ገና ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. አንዱን እንዲህ ዓይነት ምርመራ ፈቅዷል፤ እሱም በግፊት ምክንያት ሆስፒታል ለተኙ፣ ከ23 እስከ 35 ሳምንት ላይ ላሉ ሴቶች ነው። እህታችን እዚያ ብትሆን ኖሮ… ይቅር፣ «ብትሆን ኖሮ» ጋዜጠኛ አይጽፍም።

ግን 23ኛ ሳምንትም እኮ ዘግይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎስ? ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ነገር የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ቴክኖሎጂ ሲባል ዓይናችሁ ለሚከደን ወዳጆቻችን እንዲህ እናስረዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ የሚባል ሐኪም እና ጓደኞቹ በእርጉዝ ሴት ደም ውስጥ የጽንሱ ዲኤንኤ ሲንሳፈፍ አገኙ። እንዴት አወቁ ብትሉ፣ ወንድ ልጅ ባረገዙ እናቶች ደም ውስጥ ዋይ ክሮሞዞምን ፈለጉ፤ እናት ያ የላትማ! (ጎረቤታችን ከፊት ያነበቡትን እነሱ ከደም አነበቡት። ልዩነቱ እነሱ ማግኘታቸው ነው።) ከዚያ በኋላ ደግሞ አርኤንኤም ይንሳፈፋል ተባለ። አርኤንኤ ማለት የትኛው ጂን አሁን ሥራ ላይ እንደሆነ የሚናገር መልእክት ነው። ከእንግዴ ልጁ፣ ከጽንሱ፣ ከእናትየው የሚመጣ ሺህ ዓይነት መልእክት። ይህን ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነበው አይችልም። ኮምፒውተሩን የብዙ ሴቶች ደም ያሳዩታል፤ «ይቺ ኋላ ታመመች፣ ይቺ አልታመመችም» እያሉ ይነግሩታል። እሱ የሚለዩባቸውን ምልክቶች ይፈልጋል። ከዚያ አይቶት የማያውቀውን ደም ሰጥተው ይፈትኑታል።

ፈተናው ላይ ነው ጉዱ ያለው። ሁላችንም ክፍላችን ውስጥ የአምናውን ፈተና ሸምድዶ የሚመጣ ልጅ ነበረን አይደል? ጥያቄው አንድ ከሆነ መቶ ያመጣል፤ ጥያቄው ትንሽ ከተለወጠ ግን አለቀለት። ማሽኑም እንደዚያው ነው። ጥቂት ሴቶች ካሳያችሁት ይሸመድዳቸዋል፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ሴት ስታመጡለት ይወድቃል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ዜና ስታነቡ «ትክክለኛነቱ ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የማንን ደም አይቶ ነው?» በሉ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2022 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት 1,840 እርግዝናዎችን አይቷል። ምልክቱ ከመታየቱ ከወራት በፊት ከተወሰደ ደም፣ ኋላ ፕሪኤክላምፕሲያ ከያዛቸው ሴቶች 75 በመቶውን ለየ። ዋው! የምትሉ አላችሁ። ቆዩ። «አደጋ ላይ ነሽ» ካላቸው ውስጥ በእርግጥ የታመሙት 32 በመቶ ናቸው። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ በከንቱ ሰግተዋል ማለት ነው። አንድ ሰው አምስት ወር ሙሉ በከንቱ ሲሰጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ የሚለካ ምርመራ የለም።

እንግዲህ ሁለተኛውን ጥያቄ እናንሳ፤ የማን ደም? እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ4 በ100 ሜትር ሴቶች ለአሜሪካ ወርቅ ያመጡትን አራቱን ታስታውሳላችሁ? ከእነሱ ሦስቱ በኋላ እናት ሊሆኑ ሞከሩ። አሊሰን ፊሊክስ እ.ኤ.አ. በ2018 በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ምክንያት በ32 ሳምንቷ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ቲያና ባርቶሌታም ከባድ ችግር ገጠማት። ቶሪ ቦዊ ግን በ2023 ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ገና 32 ዓመቷ ነበር። የአስከሬን ምርመራው ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ከጠቀሳቸው መካከል ኤክላምፕሲያ ነበረበት። በዓለም ፈጣኖቹ እግሮች፣ በዓለም ሀብታሙ አገር! ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው።

ይህን የምንጽፈው የአክስታችን ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምትኖር ነው። እርግዝናዋን ስታስመዘግብ ቅጹ ላይ «ዘር» የሚል ሳጥን አገኘች። «አበሻ» የሚል የለም። «ጥቁር» ላይ ምልክት አደረገች። ሐኪሟ ያንን ከሌላው ጋር ደምሮ አስፒሪን አዘዘላት። የአሜሪካ የመከላከያ ጤና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ምክር ጥቁር መሆንን ከአጋላጭ ነገሮች አንዱ አድርጎ ይቆጥራል፤ ምክንያቱ ግን ከሥጋና ደም ሳይሆን ከኑሮና ከዘረኝነት የመጣ ነው ብሎ ራሱ ይጨምርበታል። የአክስታችን ልጅ ደውላ «አሜሪካ እኮ ሳጥኑ ራሱ ያሳምማል» ስትል ስቀን ልንሞት ነበር። ኋላ ስናስበው ግን ብዙም አያስቅም። ለዚህ ነው የደሙ ነገር ልባችንን የሚያማልለው፤ ደም ሳጥን አይጠይቅም፣ የጂኖቹን መልእክት ብቻ ነው የሚያነበው። ማሽኑ ያየው ደም የሁላችንም ከሆነ ነው እንግዲህ!

ወደ እኛ አካባቢ የመጡ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከስታንፎርድ ጋር በተሠራ አንድ ጥናት ያለጊዜው መውለድን ለመተንበይ የባንግላዴሽ፣ የፓኪስታን፣ የታንዛኒያ እና የዛምቢያ ሴቶች ደምና ሽንት ተመርምሯል። ስንት ሴቶች? 81። የሸመደደውን ልጅ አስታውሱ። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን 81 ሴት የእኛ ሰፈር ዕድር ውስጥም አለ።

በነገራችን ላይ ማሽኑ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ስንተኛ ሳምንትሽ ነው?» ብሎ ነው። ሳምንቱን ካላወቀ የደሙ ቁጥር ትርጉም የለውም። እኛ ዘንድ ደግሞ «ከጥምቀት በኋላ ቀርቶብኛል» ነው መልሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ክትትል የጀመሩት ከአምስት ሴቶች አንዷ ብቻ ነበሩ። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት 32 በመቶ። በዚያው ጥናት ከ100,000 ሕያው ወሊድ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። ደሟ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሊነበብላት የሚገባት ሴት በስድስተኛ ወሯ ስትመጣ ማሽኑ ምን ያድርግ?

አሁን አንድ ምሽት እህታችን ዘንድ የሆነውን እናውራላችሁ። ለንደን ውስጥ በፕሮፌሰር ኪፕሮስ ኒኮላይደስ የሚመራው የፅንስ ሕክምና ድርጅት የሠራው የአደጋ ማስሊያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ዕድሜ፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ዘር (እንደገና ሳጥን!)፣ እናትሽ ነበረባት ወይ፣ ያለፈው እርግዝናሽ እንዴት ነበር… ከዚያ የደም ግፊት፣ የማኅፀን ደም ሥር አልትራሳውንድ፣ የደሙ ፕሮቲን። ላፕቶፑን ይዘን ያለንን ሞላን። የደሙ ፕሮቲን ቦታ ባዶ ቀረ። ልንጫነው ስንል እህታችን እጃችንን ያዘች።

«ቆይ» አለች፤ «ካወቅኩ በኋላ ምን አደርጋለሁ?»

ይቺ ጥያቄ መጽሔቶቹ ሁሉ ላይ የለችም። ስታውቂ ምን ታደርጊያለሽ? ይቺ ሴት እኮ ያለ ማሽንም አደጋ ላይ እንደሆነች ታውቃለች፤ አንዴ የያዛት ዳግመኛ ሊይዛት እንደሚችል ነግረዋታል። ማሽኑ የሚጨምርላት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ሌሊት አያስተኛም። እኛ ግን ተከራከርን፤ ምክንያቱም ለዚህኛው በሽታ የሚደረግ ነገር አለ! ለዚህ ነው ከሌሎቹ ትንበያዎች ሁሉ የሚለየው። እነ ኒኮላይደስ ከ26,000 በላይ ሴቶችን በዚያው ስሌት ለይተው፣ አደጋቸው ከፍ ያለውን አስፒሪንና የማስመሰያ እንክብል አከፋፈሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ወጣ። ከ37 ሳምንት በፊት የሚመጣው ፕሪኤክላምፕሲያ አስፒሪን በወሰዱት ላይ 1.6 በመቶ፣ ባልወሰዱት ላይ 4.3 በመቶ ሆነ። አስፒሪን! ያቺ ሱቅ በደረቴ የምትሸጥ የምትመስል፣ ማንም የማይደነግጥላት ክኒን። ግን ከ16ኛው ሳምንት በፊት ቢጀመር ነው የሚሻለው። ቀድሞ ማወቅ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ተጫነች። ራሷ። የመጣውን ቁጥር እንድንጽፈው ስላልፈቀደች አንጽፈውም።

ሐኪሟ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን አዘዘላት። (መጠኑን አንጽፍም፤ ከጽሑፍ ላይ አንብባችሁ መድኃኒት የምትወስዱ ስላላችሁ! ሐኪም ጠይቁ።) እማዬ ደግሞ «በእርግዝና መድኃኒት? በሕግ አምላክ!» ብላ ተነሳች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቤታችን ጦርነት ነበር። እህታችን በመጨረሻ ትንሿን ልጅ አቅፋ «እማዬ፣ ይቺን በማሞቂያ ውስጥ አይተሻት አይደል?» አለቻት። እማዬ ዝም አለች። አሁን ማታ ማታ «ያቺን ነገር ዋጥሽ?» ብላ የምትጠይቀው እሷው ናት። ስሟን ግን አትጠራም።

እኛን የሚያሳስበን የዜናው ነገር ነው። ትምህርት ቤት «ሰው ሞተ» ዜና ነው ተባልን። «ልትሞት የነበረች ሴት ራት በልታ ተኛች» ግን ማንም አያትመውም። ስለዚህ ስለ ማሽኑ እንጽፋለን፤ ማሽን አዲስ ነውና። ስለ መለኪያው አንጽፍም። ለምሳሌ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ… ክሬድል የሚባል የደም ግፊት መለኪያ አለ። ሦስት መብራት ያለው ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። እንደ ትራፊክ መብራት። በስልክ ቻርጀር ይሞላል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀይ ሲበራ ይገባዋል። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 በስምንት አገሮች ሲሞከር ከቦታዎቹ አንዷ የእኛዋ አዲስ አበባ ነበረች! ውጤቱ በ2019 ሲወጣ በአጠቃላይ ሲታይ፣ በመሣሪያው ብቻ ነው የተሻለው የሚያሰኝ ለውጥ አልታየም። አንዳንድ ቦታ በጣም ረድቷል፤ ሌላው ቦታ ብዙም። እኛን ይሄ አያስገርመንም። ቀይ መብራት ከበራ በኋላ አምቡላንስ ያስፈልጋል፤ ሐኪም ያስፈልጋል፤ ማግኒዥየም ሰልፌት ያስፈልጋል። ይህ ርካሽ መድኃኒት መንቀጥቀጡን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ብዙዎቻችሁ ገና ጡጦ ይዛችሁ ሳላችሁ።

እና የደሙ ማሽን ይምጣ እንላለን። ይምጣ! የእኛንም እናቶች ደም አይቶ፣ በእኛም ላይ ተፈትኖ ይምጣ። ግን «ዛሬ አይሠራም» የተባለው መለኪያ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ከአጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ፣ መጀመሪያ መለኪያው ይሠራልን።

እስከዚያው እኛ በወር ደመወዛችን አንድ የክንድ መለኪያ ገዛን (ከዚያ በኋላ ያለውን ወር እንዴት እንደኖርነው አትጠይቁን)። እህታችን ዛሬ 22ኛ ሳምንቷ ላይ ናት። ጠዋትና ማታ ትለካለች፤ እማዬ ደግሞ የማትችለው ነገር ያለ እንዳይመስላችሁ፣ በልጆቹ የሒሳብ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አስምራ ትመዘግባለች። እስካሁን 118፣ 122፣ 116… አንድ ቀን 131 ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲለካ 120 ሆነ። ደረጃ ወጥታ ነው ለካ።

መለኪያው ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ እማዬ ግቢውን ሁሉ እየለካች ነው። ያቺ ጎረቤታችን ተለኩ፤ ደህና ናቸው፤ «ወንድ ነው» የሚለውን ግን ዘንድሮም አልተዉም። የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ «እኔ ደግሞ ምን አርግዤ ነው!» ብለው ሲያንገራግሩ በግድ ተለኩ። 170 በ105። ሁለት ጊዜ ብትለካቸውም ያው። ትናንት ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ እማዬ የሳቸውንም ስም ከእህታችን ስም ቀጥሎ ደብተሩ ላይ አስፍራዋለች።